ኬራስና ራፍ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ተያይዘዋል ወይስ የብርሃን መፍሰስ ነው?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ኬራስ (ሕዋስ እንዲያድግ የሚያዝ ፕሮቲን) መልእክቱን ከሚቀበለው ከራፍ-1 ፕሮቲን ጋር በሕያው ሕዋስ ውስጥ መያያዙን በፍሬት (የሁለት ፕሮቲኖችን መቀራረብ በብርሃን በሚያሳይ ዘዴ) ለማየት እየሞከርኩ ነው። ሰማያዊ የሚያበራውን ፕሮቲን ኤም-ተርኳይዝ 2ን ከኬራስ ሲ-ጫፍ (ከመጨረሻው) ጋር፣ ቢጫ የሚያበራውን ኤም-ቪነስን ደግሞ ኬራስን ከሚይዘው የራፍ ክፍል (አር.ቢ.ዲ) ጋር አጣብቄ ሄላ በተባሉት በቤተ ሙከራ የሚራቡ የሰው ሕዋሶች ውስጥ አስገባሁ። በኮንፎካል (በሌዘር በሚሠራ ማይክሮስኮፕ) ሳየው የፍሬት ቻናሉ ደማቅ ነው፤ ነገር ግን ለማነጻጸሪያ ብዬ ከራፍ ጋር ያልተጣበቀ ኤም-ቪነስ ያስገባሁበትም እንደዚያው ደማቅ ነው። ኬራስ ኒውክለሱን ጨምሮ ሕዋሱን ሁሉ ሞልቶታል። ሕዋስን ለእድገት የሚቀሰቅሰውን ኢ.ጂ.ኤፍ ስጨምርም ምንም ለውጥ የለም። አማካሪዬ ደግሞ ከፍሬቱ ርቀት አስልተህ ስለ ቅርጹ ጻፍ ይለኛል። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ምላሽ፦

ከዘረዘርካቸው ችግሮች ሁለቱ ምንጫቸው አንድ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። ኤም-ተርኳይዝህን የለጠፍከው በተሳሳተው ጫፍ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ኬራስ 4ቢ 188 አሚኖ አሲድ አለው። የመጨረሻዎቹ አራቱ ሲስቲን፣ ቫሊን፣ አይሶሉሲን እና ሜቲዮኒን ናቸው፤ በሙያው ቋንቋ «ካክስ» የሚባለው ምልክት ይህ ነው። ሕዋሱ 185ኛዋ ሲስቲን ላይ ፋርኔሲል የተባለ ባለ 15 ካርቦን የቅባት ጭራ ይሰካል፤ ቀጥሎ ከኋላዋ ያሉትን ሦስቱን ቆርጦ ይጥልና ጫፉ ላይ ሜቲል ያክልበታል። ከጭራው ቀድመው የተደረደሩት ላይሲኖች ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ኔጌቲቭ ወደሆነው የሕዋሱ ሽፋን (ሜምብሬን) ውስጠኛ ገጽ ይሳባሉ። ኬራስ ሽፋኑ ላይ የሚቆየው በቅባቱና በላይሲኖቹ ጥምረት ነው። ቅባቱን የሚሰካው ኤንዛይም ደግሞ ምልክቱን የሚያውቀው የፕሮቲኑ መጨረሻ ላይ ሲያገኘው ብቻ ነው። አንተ ከሜቲዮኒኗ በኋላ ወደ 240 አሚኖ አሲድ የሚጠጋ ሌላ ፕሮቲን ስለቀጠልክበት ምልክቱ መሀል ገብቶ ተቀበረ። ኬራስህ ሽፋኑን ሳያገኝ ሕዋሱ ውስጥ ተንሳፍፎ የቀረው፣ ኒውክለሱ ውስጥም የገባው ለዚህ ነው። ኢ.ጂ.ኤፍ ብትጨምር መልስ ያጣኸውም በአብዛኛው በዚሁ ነው፤ ኬራስን የሚያነቃው ሶስ የተባለው ፕሮቲን የሚሠራው ሽፋኑ ላይ ስለሆነ የሚንሳፈፈውን ኬራስ አያገኘውም።

መፍትሔው ኤም-ተርኳይዙን ወደ ኤን-ጫፍ (ወደ ፕሮቲኑ መጀመሪያ) ማዞር ነው። መሀላቸው ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ የግላይሲንና የሴሪን አሚኖ አሲዶች ማያያዣ አድርግ። የኤም-ተርኳይዙ ስቶፕ ኮዶን (ፕሮቲኑ እዚህ ያልቃል የሚለው የዲ.ኤን.ኤ ምልክት) መውጣቱን፣ የኬራሱ ስቶፕ ኮዶን ግን በቦታው መኖሩን በሲኩዌንሲንግ (ዲ.ኤን.ኤውን በማስነበብ) ሳታረጋግጥ ወደ ሕዋስ አትሂድ። እዚህ ላይ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ኬራሱ የተወሰደው ለሲ-ጫፍ ልጠፋ ከተዘጋጀ ፕላዝሚድ (ጂን ተሸክሞ ወደ ሕዋስ ከሚያስገባ ክብ ዲ.ኤን.ኤ) ከሆነ ስቶፕ ኮዶኑ አስቀድሞ ወጥቶለታል። ወደ አዲሱ ፕላዝሚድ ሲዛወር ንባቡ ከሜቲዮኒኗ አልፎ ይቀጥልና ከፕላዝሚዱ የተረፉ አምስትና ስድስት አሚኖ አሲዶች ጫፉ ላይ ይንጠለጠላሉ። ልጠፋው በትክክለኛው ጫፍ ሆኖ ሳለ ኬራሱ አሁንም ተንሳፋፊ ይሆናል፤ ተመራማሪውም ወር ሙሉ ማይክሮስኮፑን ሲወቅስ ይከርማል።

ትክክለኛው ምስል ምን ይመስላል? ኒውክለሱ ጥቁር ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ የሕዋሱ ዳር ደግሞ እንደ ቀጭን ክር ያበራል። ሄላ ጠፍጣፋ ሕዋስ ስለሆነ ክሩ በሁሉም ቦታ እኩል ጎልቶ አይታይም፤ በደንብ የሚታየው ሁለት ሕዋሶች ጎን ለጎን በሚነካኩበት መስመር ላይ ነው። ፎከሱን ከመስታወቱ ወደ 2 ወይም 3 ማይክሮሜትር ከፍ አድርገህ ፈልገው። ክሩ እያለ ሳይቶፕላዝሙም ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ካሳየ ፕሮቲኑ በዝቷል፤ ቅባት የሚሰካውና ወደ ሽፋን የሚያጓጉዘው ሥርዓት ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል ማለት ነው። እንደነዚህ ያሉትን ሕዋሶች አትለካ።

አር.ቢ.ዲው ግን ኒውክለስ ውስጥ ቢገባ አትደንግጥ። ከኤም-ቪነስ ጋር ተደምሮ ወደ 36 ኪሎ ዳልተን ብቻ ስለሆነ በኒውክለሱ ቀዳዳዎች እየገባ ይወጣል። እንዲያውም ይህ ይጠቅምሃል። ኬራሱን ሁልጊዜ ንቁ የሚያደርገውን ሚውቴሽን (ግላይሲን 12 ወደ ቫሊን የተቀየረበትን) ስታስገባ አር.ቢ.ዲው ከኒውክለስና ከሳይቶፕላዝም ወደ ሽፋኑ ሲሰበሰብ በዓይንህ ታየዋለህ። ይህ ስብስብ የፍሬት ስሌት ሳያስፈልገው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ፍሬቱ የሚጨምርልህ «ሁለቱ አንድ ሽፋን ላይ ናቸው» ከሚለው አልፎ «ከ10 ናኖሜትር በታች ተቀራርበዋል» ማለት መቻልህን ነው። ኮንፎካል ብቻውን ከ200 ናኖሜትር በታች ያለን ርቀት አይለይም።

ማይክሮስኮፕ ዘንድ ከመሄድህ በፊት ግን ኢሚኖብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ሙከራ) ሥራ። ፀረ-ጂ.ኤፍ.ፒ አንቲቦዲ ኤም-ተርኳይዝንም ኤም-ቪነስንም ይይዛል፤ ሁለቱም ከአንዱ ጄሊፊሽ ጂ.ኤፍ.ፒ የተወለዱ ናቸውና። ኬራስህ በ48፣ አር.ቢ.ዲህ በ36 ኪሎ ዳልተን አካባቢ አንድ አንድ መስመር መስጠት አለባቸው። በ27 ኪሎ ዳልተን ላይ ወፍራም መስመር ካየህ ማያያዣው ተቆርጧል፤ የሚያበራው ፕሮቲን ብቻውን እየተንሳፈፈ ነው ማለት ነው። ያኔ የምትለካው ኬራስን ሳይሆን ስሙን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደማቁ ቻናል እንምጣ። ፍሬት ማለት በብርሃን የተነቃው ለጋሽ (እዚህ ኤም-ተርኳይዝ) ጉልበቱን ብርሃን አድርጎ ሳይለቀው አጠገቡ ላለው ተቀባይ (ኤም-ቪነስ) ሲያስተላልፍለት ነው። አንተ የፍሬት ቻናል የምትለው ለጋሹን በ440 ናኖሜትር ገደማ አንቅተህ የተቀባዩን ብርሃን ከ520 እስከ 560 ባለው ክልል የምትሰበስብበት ነው። ችግሩ የኤም-ተርኳይዝ ብርሃን 474 ላይ ጫፍ ቢደርስም ጭራው እስከ 550 ድረስ መዘርጋቱ ነው። ስለዚህ ተቀባይ ባይኖር እንኳ ቻናሉ ደማቅ ይሆናል። ኤም-ቪነስ ደግሞ በ440ው ሌዘር በጥቂቱም ቢሆን በቀጥታ ይነቃል። ሁለቱ መፍሰሶች ሳይቀነሱ የሚታይ ምስል የፍሬት ምስል አይባልም።

የምታደርገው ይህ ነው። ለጋሽ ብቻ ያለባቸውን ሕዋሶች በሦስቱም ቻናል (በለጋሽ፣ በተቀባይና በፍሬት) ታነሳለህ፤ በፍሬት ቻናል ያለውን በለጋሽ ቻናል ላለው ታካፍላለህ። ይህ የለጋሹ የመፍሰስ መጠን ነው። ተቀባይ ብቻ ያለባቸውንም እንደዚሁ ታነሳና በፍሬት ቻናል ያለውን በተቀባይ ቻናል (በ514 በተነቃው) ላለው ታካፍላለህ። ለምሳሌ የመጀመሪያው 0.55፣ ሁለተኛው 0.10 ወጣ እንበል። ሁለቱም ፕሮቲኖች ባሉበት ሕዋስ፣ ሕዋስ የሌለበትን ቦታ ብርሃን ከቀነስክ በኋላ፣ የለጋሽ ቻናል 1000፣ የተቀባይ ቻናል 800፣ የፍሬት ቻናል 900 አነበበ። ከለጋሹ የፈሰሰው 550፣ ከተቀባዩ የፈሰሰው 80 ነው። 900 − 550 − 80 = 270። ዓይንህን ካስደሰተው ብርሃን ከአሥሩ ሰባቱ መፍሰስ ነበር። ማነጻጸሪያህ ከናሙናህ እኩል የደመቀበት ምክንያትም ይኸው ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ካንዱ ቀን ወደ ሌላው አይሻገሩም። ሌዘሩ፣ የዲቴክተሩ ጌይን፣ ፒንሆሉ ወይም የብርሃን ክልሉ ከተነካ እንደገና መለካት አለባቸው፤ ስለዚህ በየዕለቱ ለጋሽ ብቻና ተቀባይ ብቻ ያለባቸው ሁለት ዲሾች ከናሙናዎቹ ጋር ይዘጋጃሉ። የጠገበ ፒክሰል ያለበትን ሕዋስም ጣል። ባለ 12 ቢት ምስል ላይ 4095 የነካ ፒክሰል ትክክለኛ ዋጋውን ደብቋል፤ ከእሱ የሚቀነሰው ሁሉ ሐሰት ነው።

ቀጥሎ የፕሮቲን መጠን። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ዲሽ (ታቹ 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት የሆነውን) ውሰድና ከ200,000 እስከ 300,000 ሄላ ሕዋሶች በ2 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ዝራ። በማግሥቱ ከመስታወቱ 60 ወይም 70 በመቶ ሲሸፍኑ ትራንስፌክት አድርግ (ፕላዝሚዶቹን አስገባባቸው)። በጠቅላላው 1 ማይክሮ ግራም ዲ.ኤን.ኤ ይበቃል፤ ከዚህ ውስጥ ለጋሹ ከ100 እስከ 200 ናኖ ግራም፣ ተቀባዩ ከ300 እስከ 400፣ የቀረው ባዶ ፕላዝሚድ ይሁን። ባዶውን አታስቀር፤ ነጠላ ፕላዝሚድ ባለባቸው ማነጻጸሪያዎችም ድምሩ እኩል እንዲሆን የሚያደርገው እሱ ነው። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ልካ። 48 ሰዓት ከቆየህ የምታገኘው በጣም ደማቅና በጣም የታመመ ሕዋስ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ዓይንን የሚጠራው ሕዋስ መለካት የሌለበት ሕዋስ ነው፤ ደብዘዝ ካሉት መርጠህ ሥራ።

የመጠን ነገር በኬራስ ላይ ከሌላው ፕሮቲን ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ኬራስ በሦስት አቅጣጫ በሚሰፋ ሳይቶፕላዝም ውስጥ አይበተንም፤ በስስ ሽፋን ላይ ይደረደራል። ሽፋን ላይ የተጠጋጉ ለጋሾችና ተቀባዮች ሳይያያዙም በመጨናነቅ ብቻ ፍሬት ይሰጣሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋ ሰው ሁሉ ዘመድ እንዳልሆነው። አንተ ያስገባኸው ነጻ ኤም-ቪነስ ሳይቶፕላዝም ውስጥ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ይህን መጨናነቅ ጨርሶ አይፈትንም፤ እንደ ማነጻጸሪያ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ኤም-ቪነስ ላይ የኬራስን የመጨረሻ 20 ገደማ አሚኖ አሲዶች ለጥፎ ራሱን ሽፋኑ ላይ ማስቀመጥ ነው። ራፍ የለውም፣ ኬራስን አይይዝም፣ ግን እዚያው ሰፈር ይኖራል።

ከዚያ የእያንዳንዱን ሕዋስ የፍሬት መጠን ከተቀባዩ ብዛት አንጻር በግራፍ ሣል። የመጨናነቅ ፍሬት ተቀባዩ በበዛ ቁጥር ሳያቆም ይወጣል፤ ተቀባዩ ወደ ዜሮ ሲጠጋም ወደ ዜሮ ይወርዳል። የእውነተኛ መያያዝ ግን በትንሽ ተቀባይ ቶሎ ይነሳና ለጋሾቹ ሁሉ ጓደኛ ሲያገኙ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ አንድ ግራፍ ከአሥር ውብ ምስሎች ይልቅ ገምጋሚን ዝም ያሰኛል። አብሮ የሚታወስ ነገር አለ፦ የድሮዎቹ ሲ.ኤፍ.ፒ እና ዋይ.ኤፍ.ፒ (የኤም-ተርኳይዝና የኤም-ቪነስ ቀደምቶች) እርስ በርሳቸው በደካማው ይጣበቃሉ፤ ሽፋን ላይ ሲበዙ ደካማው ይበረታል። 206ኛውን አላኒን ወደ ላይሲን የሚቀይረው ሚውቴሽን ይህን ያስቀራል። ኤም-ተርኳይዝ 2ም ኤም-ቪነስም ይህ ሚውቴሽን አላቸው፤ ከሌላ ቤተ ሙከራ በቃል ብቻ «ቪነስ ነው» ተብሎ የመጣ ፕላዝሚድ ግን ላይኖረው ይችላል። ሲኩዌንሲንጉ ላይ እሱንም ተመልከት።

የሥራህ ሁሉ ምሰሶ ሚውቴሽኖቹ ናቸው። ሕያው ሕዋስ ውስጥ ሆነህ ስለ ፕሮቲን ቅርጽ አንድ ነገር ማለት የምትችለው ቅርጹ ላይ የታወቀ ነጥብ ስትሰብር ምልክቱ አብሮ ሲሰበር ነው። በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነህ፤ የራስ (ኬራስ ያለበት የፕሮቲን ቤተሰብ) እና የራፍ መገናኛ በክሪስታል (በኤክስሬይ ጥናት) በደንብ የታወቀ ነው። ከእያንዳንዳቸው አንድ የቤታ ገመድ ጎን ለጎን ይሰለፍና አንድ የጋራ ሉህ ይሠራሉ። በዚያ መገናኛ ላይ የራፍ 89ኛ አርጂኒን (ፖዘቲቭ) የኬራስን 38ኛ አስፓርቲክ አሲድ (ኔጌቲቭ) ይይዛል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ስበረው። በራፍ በኩል አርጂኒን 89ን ወደ ሉሲን፣ በኬራስ በኩል አስፓርቲክ 38ን ወደ አላኒን ቀይር። በቫሊን 12 ኬራስ ላይ ፍሬቱ ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ሚውቴሽኖች በእያንዳንዳቸው ወደ መጨናነቅ ደረጃ ከወረደ፣ ምልክቱ በዚያ መገናኛ በኩል እንደሚመጣ አሳየህ። አንዱን ብቻ ሠርተህ ምልክቱ ቢወርድ ግን «ምናልባት ሚውቴሽኑ ፕሮቲኑን አፍርሶት ይሆናል» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለህም። ለዚህም ነው የተሰበረው ፕሮቲን በኢሚኖብሎት ላይ በእኩል መጠን መታየት ያለበት።

የማይነቃውን ኬራስ (ሴሪን 17 ወደ አስፓራጂን) ሦስተኛ አድርገው። ራፍ የሚይዘው ጂ.ቲ.ፒ የያዘውን (የበራውን) ኬራስ ነው፤ በቤተ ሙከራ ቱቦ ውስጥ የአር.ቢ.ዲው ጥብቀት በ20 ናኖሞላር አካባቢ ሲሆን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን መያያዙ ይጠብቃል)፣ ጂ.ዲ.ፒ ለያዘው (ላልበራው) ግን በብዙ እጥፍ ይላላል። ከፍተኛውን ጣሪያ ለማወቅ ደግሞ ኤም-ተርኳይዝና ኤም-ቪነስን በአጭር ማያያዣ አንድ ላይ የሰፋህበት ፕላዝሚድ ይኑርህ። እሱ ላይ ጥሩ ፍሬት ካላየህ ችግሩ ማይክሮስኮፑ ወይም ስሌቱ ነው፤ ኬራስን አትውቀስ።

የኢ.ጂ.ኤፍ ሙከራህን ልጠፋው ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ሥራው፤ ግን በንቁው ቫሊን 12 ሳይሆን በተፈጥሯዊው ኬራስ ነው፤ ንቁው ቀድሞ በርቷልና ምንም አይጨምርም። ሕዋሶቹ በሴረም ውስጥ ካሉ ሴረሙ ራሱ የእድገት ምልክት ስለሚሰጥ መነሻህ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ከ4 እስከ 16 ሰዓት በ0.5 በመቶ ሴረም አስርባቸው። ለመለኪያ የምትጠቀመው ሚዲያ ፊኖል ሬድ የሌለው ይሁን፤ ፊኖል ሬድም ሪቦፍላቪንም በዚህ የብርሃን ክልል ራሳቸው ያበራሉ። ማይክሮስኮፑ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌለ 20 ሚሊሞላር ሄፐስ (የፒ.ኤች ማረጋጊያ) ጨምርበት፤ ሚዲያው አሲዳማ ሲሆን ኤም-ቪነስ ከኤም-ተርኳይዙ ይልቅ ይደበዝዛልና የፒ.ኤች ለውጥ የፍሬት ለውጥ መስሎ ይታያል።

ማይክሮስኮፑን አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ 37 ዲግሪ ላይ አሙቀው፤ አለበለዚያ ብረቱ እየሞቀ ሲለጠጥ ፎከስህ ይንሸራተታል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መነሻ ቅዳ፤ ከዚያ ኢ.ጂ.ኤፍ ጨምር፤ በየ15 ሰከንዱ ለ15 ደቂቃ ቀጥል። መልሱ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ስለሚደርስ በየ5 ደቂቃው የሚያነሳ ሰው ሊያልፈው ይችላል። የመጨረሻው መጠን 100 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር እንዲሆን በአሥር እጥፍ የተዘጋጀውን 200 ማይክሮ ሊትር ዲሹ ውስጥ ወዳለው 1.8 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ቀስ ብለህ ጨምር። ሞቅ ያለና ከዚያው ሚዲያ የተሠራ ይሁን። 2 ማይክሮ ሊትር ብቻ ዲሹ ጥግ ጠብ ካደረግክ ግን ለመዳረስ ጊዜ ይፈጃል፤ አንዱ ሕዋስ ብዙ፣ ሌላው ምንም ያገኛል። ኢ.ጂ.ኤፍ ደግሞ ፕላስቲክ ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን ስለሆነ ማቅጠኛው 0.1 በመቶ ቢ.ኤስ.ኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ይኑረው። ኢ.ጂ.ኤፍ የሌለበትን ያንኑ ፈሳሽ ብቻ የምትጨምርበት ዲሽም አትርሳ፤ ብርሃኑ በተደጋጋሚ ፎቶ ብቻ ሲደክም ምን እንደሚመስል የሚነግርህ እሱ ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ እንኳ ለውጡ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ኬራስን አብዝተህ ስታስገባ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ሶስ ሁሉንም ለማንቃት አይበቃም፤ አብዛኛው ጂ.ዲ.ፒ እንደያዘ ይቀራል። የወጣው ምልክት ደግሞ ከተለመደው ዘግይቶ ሊወርድ ይችላል። አር.ቢ.ዲው ኬራስን የሚይዘው ምልክቱን የሚያጠፋው ጋፕ በሚይዝበት ሰፈር ስለሆነ፣ አር.ቢ.ዲ ሲበዛ ጋፕን ያግዳል፤ እግረ መንገዱንም የሕዋሱን ራፍ ቦታ ነጥቆ ወደ ኢ.አር.ኬ (በመልእክቱ ሰንሰለት ከራፍ በታች ወዳለው ፕሮቲን) የሚሄደውን መልእክት ያዳክማል። መለኪያህ የምትለካውን ነገር ያውካል ማለት ነው። መውረጃውን ጊዜ «የኬራስ የተፈጥሮ ፍጥነት» ብለህ እንዳትጽፍ። ሙሉውን ራፍ-1 ሳይሆን አር.ቢ.ዲውን ብቻ እንደተጠቀምክም አትርሳ፤ ሙሉው 648 አሚኖ አሲድ ያለው ሲሆን 14-3-3 በተባለ ፕሮቲን ተቆልፎ ይቀመጣል። አንተ የምታየው የመጀመሪያውን መጨበጥ እንጂ የራፍን መንቃት አይደለም።

የዕድሜ መለኪያ ያለው ማይክሮስኮፕ (ፍሊም) የምታገኝበት ዕድል ካለ ተጠቀምበት። ኤም-ተርኳይዝ 2 ብቻውን ሲሆን የብርሃኑ ዕድሜ 4.0 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ፍሬት ሲኖር ያጥራል። 3.2 ከሆነ 1 − 3.2/4.0፣ ማለትም 20 በመቶ ነው። የሚለካው ለጋሹ ብቻ ስለሆነ ከላይ ያለፍንበት የመፍሰስ ቅነሳ አያስፈልግም። የሌዘሩ ምት ከ20 እስከ 40 ሜጋ ኸርትዝ ይሁን፤ በ80 ላይ ምቱ በየ12.5 ናኖ ሰከንዱ ስለሚመጣ የ4 ናኖ ሰከንዱ ጭራ ሳያልቅ ቀጣዩ ይደርስበታል። የፎቶን ቆጠራውም ከምቱ 1 በመቶ ገደማ አይለፍ፤ ሲበዛ ዲቴክተሩ ቀድሞ የደረሰውን ብቻ ቆጥሮ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ያም ፍሬት ይመስላል። ተቀባዩን በሌዘር አጥፍቶ የለጋሹን መድመቅ የማየት ዘዴም አለ፤ ነገር ግን በ37 ዲግሪ ኬራስ ሽፋኑ ላይ ስለሚንቀሳቀስ፣ የጠፋው ዋይ.ኤፍ.ፒም አንዳንዴ ሲ.ኤፍ.ፒ መስሎ ስለሚያበራ፣ ለሕያው ሕዋስ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ወደ አማካሪህ ጥያቄ ልግባ። ርቀት አስልተህ አትጻፍ። ፍሬት ከርቀት ጋር በስድስተኛ ኃይል የተያያዘ መሆኑ እውነት ነው። ለዚህ ጥንድ ግማሹ ጉልበት የሚተላለፍበት ርቀት 6 ናኖሜትር ገደማ ነው ብለን ብንወስድ፣ በ3 ናኖሜትር 98 በመቶ፣ በ9 ናኖሜትር 8 በመቶ፣ በ12 ናኖሜትር 1.5 በመቶ ይሆናል። መለኪያ ሜትር የሚመስለው ለዚህ ነው። ነገር ግን 20 በመቶ ፍሬት አገኘህ እንበል። ሁሉም ለጋሾች ተያይዘው ከሆነ ርቀቱ 7.6 ናኖሜትር ነው። የተያያዙት 40 በመቶው ብቻ ከሆኑ የእያንዳንዱ ጥንድ ፍሬት 50 በመቶ፣ ርቀቱም 6 ናኖሜትር ነው። ሩቡ ብቻ ከሆኑ ደግሞ 4.8። ከአንድ ቁጥር ሦስት ርቀት ወጣ፤ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ አይነግርህም።

በዚያ ላይ ስሌቱ ለጋሹና ተቀባዩ በፍጥነት ዞረው አቅጣጫቸው ሁሉ እንደሚቀላቀል ይቆጥራል። እነዚህ ፕሮቲኖች ግን 2.4 ናኖሜትር ስፋት፣ 4.2 ናኖሜትር ርዝመት ያላቸው በርሜሎች ናቸው፤ አንድ ዙር አቅጣጫ ለመቀየር ከ15 ናኖ ሰከንድ በላይ ይወስድባቸዋል። የለጋሹ ብርሃን ደግሞ በ4 ናኖ ሰከንድ አልቋል። አቅጣጫቸው ሳይቀላቀል ነው የተለካው። ማያያዣውም የላላ ገመድ ስለሆነ የምታሰላው የበርሜሎቹን መሀል ለመሀል ርቀት እንጂ የኬራስንና የራፍን አይደለም። በአልፋፎልድ (የፕሮቲን ቅርጽ በሚገምት ፕሮግራም) የተገመተ ቅርጽ አምጥተህ ብትገጥመውም ላላው ማያያዣ ላይ የሚሰጥህ አቀማመጥ የሚታመን አይደለም።

በጥናትህ ላይ መጻፍ የምትችለው «በሕያው ሄላ ሕዋስ ሽፋን ላይ የኬራስና የአር.ቢ.ዲ መቀራረብ በአርጂኒን 89 እና በአስፓርቲክ 38 ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይህም በክሪስታል ከታየው መገናኛ ጋር ይስማማል» የሚለውን ነው። ይህ ትንሽ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ስታቲስቲክሱ ላይ ግን ተጠንቀቅ፦ በአንድ ቀን የለካሃቸው 30 ሕዋሶች 30 ሙከራ አይደሉም። የየቀኑን አማካይ ወስደህ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቀኖችን አወዳድር።

አማካሪህ የግድ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለ የአቶም ደረጃ ቅርጽ ከፈለገ መንገዱ የሕዋስ ውስጥ ኤን.ኤም.አር (በማግኔት የአቶሞችን ምልክት የሚያነብ ዘዴ) ነው። ናይትሮጅን 15 ያለበት ፕሮቲን በባክቴሪያ ተሠርቶ፣ ተጣርቶ፣ በኤሌክትሮፖሬሽን ወደ ሰው ሕዋስ ይገባል፤ ውስጡ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሞላር መድረስ አለበት፤ ከሕዋሱ የፈሰሰ ፕሮቲን ምልክቱን እንዳይሠራውም ከላይ ያለው ፈሳሽ ተለይቶ ይለካል። ሽፋን ላይ የተሰካ ኬራስ በነጻነት ስለማይዞር ምልክቱ ተለጥጦ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዚህ ዘዴ የሚሠራው ጭራው በተቆረጠለት ኬራስ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጊዜ አልመክርህም።

ኮንፎካሉን የምታገኘው በወረፋ ከሆነ ግን ሚውቴሽኖችህን መጀመሪያ በናኖቢት (ለሁለት ተከፍሎ፣ ቁራጮቹ ሲገናኙ በሚያበራ ኤንዛይም) ፈትናቸው። 11 አሚኖ አሲድ ያለችውን ትንሿን ቁራጭ በኬራሱ ኤን-ጫፍ፣ 18 ኪሎ ዳልተን የሆነችውን ትልቋን ከአር.ቢ.ዲው ጋር ለጥፍ። ሁለቱ ቁራጮች ለብቻቸው የሚሳሳቡት በ190 ማይክሮሞላር ብቻ ስለሆነ በራሳቸው አይጣበቁም፤ ሲለያዩም ብርሃኑ ይጠፋል። ባለ 96 ጉድጓድ ነጭ ሳህን፣ ፉሪማዚን (ኤንዛይሙ ብርሃን የሚያወጣበት ንጥረ ነገር) እና ተራ ሉሚኖሜትር (የብርሃን መለኪያ) ይበቃሉ። ፕላዝሚዶቹን በጉድጓድ ከ5 እስከ 10 ናኖ ግራም ብቻ አስገባ፤ እዚህም ብዛት ሐሰት ይወልዳል። በዚህ ቫሊን 12ቱ ከፍ ብሎ፣ ሉሲን 89ኙም አላኒን 38ቱም ከወረዱልህ ፕላዝሚዶችህ ደህና ናቸው፤ ለኮንፎካሉ ወረፋ ያዝ።